ከቪዛው ይጀመራል፦ ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ተሳታፊዎች የጉዞ መረጃ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ለዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚወጡ የጉዞ መረጃዎች አብዛኛዎቹ ስለ አየሩ ጠባይና ስለሚጎበኙ ስፍራዎች ገጽ ሞልተው ያወራሉ፤ ቪዛው ጋ ሲደርሱ «በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ኤምባሲ ያነጋግሩ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ሳዘጋጅ ነገሩን ገለበጥኩት። ለእያንዳንዱ ነጥብ መለኪያዬ አንድ ነበር፤ ተሳታፊው ይህን ሳያውቅ ቢመጣ፣ ከደረሰ በኋላ ማስተካከል ይችላል ወይ? ዣንጥላ የረሳ ሰው ይገዛል። ስሙ በግብዣ ደብዳቤው ላይ የተዛባበት ሰው ግን ከነጭራሹ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሰነዱን በርዕስ ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል አደራጀሁት፤ ወራት የሚወስደው ከላይ፣ በር ላይ የሚያስፈልገው ከታች።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርት ነው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን አንሥቶ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። የሼንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች) ስሌት ይለያል፤ ከአካባቢው ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ቢያንስ 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ማሳደስ የሚያስፈልገው ሰው ሌላውን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ያሳድስ። የኤሌክትሮኒክ ቪዛና የመግቢያ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ፓስፖርት የቀየረ ሰው እንደገና ማመልከት ይኖርበታል።

የግብዣ ደብዳቤው ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ የሚገባውም ነበር። የመመዝገቢያ ቅጹ ስምን በሁለት ሳጥን ብቻ ሲቀበል፣ ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር የሚጽፍ፣ የቤተሰብ ስም የሌለው ወይም ሁለት የቤተሰብ ስም ያለው ሰው እንደመሰለው ይሞላዋል። ደብዳቤው፣ ቲኬቱና ፓስፖርቱ ሦስት የተለያየ ሰው ይመስላሉ። መፍትሔው ለደብዳቤው አንድ ረጅም ሳጥን ማድረግና «በፓስፖርትዎ የመረጃ ገጽ ላይ እንደተጻፈው ሙሉ በሙሉ ይገልብጡ» ማለት ነው። ለቲኬቱ ደግሞ በገጹ ግርጌ ያሉትን፣ ኮምፒውተር የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች እንዲያዩ አመለከትኩ፤ በፊደል ላይ የሚደረጉ ጭረቶችና ነጥቦች እዚያ ተነሥተው ነው የሚጻፉት። የላይኛው መስመር ለስም የሚሰጠው 39 ቦታ ብቻ ስለሆነ ረጅም ስም ተቆርጦ ቢገኝ አያስደነግጥም።

ደብዳቤው ላይ የሰውየው የምዝገባ ቁጥር፣ በጉባኤው ያለው ድርሻ፣ ጉባኤው የሚካሄድበት ቦታ ሙሉ አድራሻና ሰው የሚያነሣው ስልክ ሊኖር ይገባል። ቆንስላው ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሣ ከሌለ ደብዳቤው ሐሰተኛ ይመስላል። ከጉባኤው ቀደም ብለው የሚካሄዱ ሥልጠናዎች ካሉ ቀናቸው ለብቻው ይጻፍ፤ አለዚያ ተሳታፊው ለዋናው ጉባኤ ቀናት ብቻ ቪዛ ተሰጥቶት ሥልጠናው ያመልጠዋል። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይቀመጥ፤ አዘጋጁ የማይከፍለውን «እንሸፍናለን» የሚል የጨዋነት ቃል ማመልከቻውን ከባንክ መግለጫው ጋር ያጋጨዋል። ደብዳቤ የምንሰጠው የምዝገባ ክፍያ ለከፈለ ብቻ ነው፤ ጉባኤን ለቪዛ ማውጫ የሚፈልጉ ስላሉ ይህ ግድ ይላል። ግን ቪዛ የተከለከለ ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለትና እስከ መቼ ማሳወቅ እንዳለበት ከጎኑ መጻፍ አለበት። ያለዚህ ሕጉ ሐቀኛውንም ያርቃል።

ቀኑን ወደ ኋላ ስቆጥር ያገኘሁት ነገር ከጉዞ መረጃ ያለፈ ሆነ። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን አይቀርብም። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ነው፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ትልቁ ማነቆ ግን የአሻራ ቀጠሮ ነው፤ በተጨናነቀ ወቅት ሳምንታት ይፈጃል። በአገሩ ቆንስላ የሌለው ተሳታፊ ደግሞ ለማመልከት ብቻ ወደ ጎረቤት አገር መሄድ ይኖርበታል። እነዚህን ሁሉ ሲደምሩ፣ በጉባኤው ለማቅረብ የላከው ጥናታዊ ጽሑፍ ተቀባይነት ማግኘቱ ከጉባኤው 4 ወር ቀድሞ ያልተነገረው አቅራቢ ዕድሉ ጠባብ ነው። የጽሑፍ ገምጋሚዎቹ የጊዜ ሰሌዳ መነሻው የቪዛ ቀጠሮ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ገምጋሚዎች ይህን መስማት አይወዱም።

ስለ ኢቪዛ የጻፍኩት አጭር ነው፤ የመንግሥቱን ትክክለኛ የድረ ገጽ አድራሻ ሙሉውን አስቀመጥኩ። ስሙን ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል ደላላን ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ትራንዚቱን ነው። ሁለት ርካሽ ቲኬት ለየብቻ የገዛ ተሳታፊ ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው መዳረሻ አይላክለትም። በመካከለኛው አውሮፕላን ማረፊያ በኢሚግሬሽን አልፎ ሻንጣውን መውሰድና እንደገና ማስረከብ አለበት፤ ይህ ማለት ወደዚያ አገር ገብቷል፣ የዚያን አገር ቪዛ ይፈልጋል ማለት ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ደግሞ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም። በሁለት የሼንገን ከተሞች በኩል የሚያልፍ ሰውም እንዲሁ ነው፤ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር በትራንዚት ክፍል መቆየት አይበቃም። የአንዳንድ አገሮች ዜጎች ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ። በሰነዱ ውስጥ በደማቅ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ቲኬት ከመክፈልዎ በፊት የሚያልፉበትን አገር የቪዛ ሕግ ይዩ።» ከዚያው ጋር የአንድ ጊዜና የብዙ ጊዜ መግቢያን ልዩነት ጻፍኩ፤ በጉባኤው መሐል ለአንድ ቀን ወደ ጎረቤት አገር ጎራ ያለ ሰው የአንድ ጊዜ መግቢያው አልቆበት መመለስ ያቅተዋል።

የቢጫ ወባ ክትባትም ከትራንዚት ጋር ይያያዛል። አንዳንድ አገሮች በሽታው ባለበት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ መንገደኛ የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት መከተብ አይረዳም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት» የሚል አሮጌ ካርድ ያለው ማሳደስ አያስፈልገውም።

መንገደኛውን መጀመሪያ የሚያስቆመው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሳይሆን የአየር መንገዱ ነው። ሰነድ ያልተሟላለትን ሰው ያጓጓዘ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ታይማቲክ በሚባለው የጉዞ ሕጎች መረጃ ቋት ያያል፣ ያ ካልፈቀደ አያሳፍርም። ደብዳቤው፣ የሆቴሉ ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ቲኬቱና የጉዞ ኢንሹራንሱ (ለሼንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን) በወረቀት ታትመው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በስልክ ብቻ የያዘ ሰው ባትሪው ሲያልቅበት ምንም የለውም።

የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ሆቴል ሳይያዝለት ሌሊት የሚደርስ ሰው የሚበዛው ግን በዚህ ነው። «03/04» ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው፤ ወሩን በስሙ ጻፍኩ። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አስቀመጥኩ። በ12ኛው ቀን 00:30 የሚያርፍ ሰው የሚያድረው የ11ኛውን ሌሊት ነው፤ ከ12 ጀምሮ ክፍል ከያዘ እስከ ቀትር በሎቢ ይቀመጣል። በአውሮፓ ሰዓት የሚቀየረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ በማርች ሁለተኛና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ። በእነዚህ ሳምንታት ጉባኤ ካለ፣ ከሩቅ ሆነው የሚከታተሉት የአንድ ሰዓት መዛባት እንዳይገጥማቸው ልዩነቱን ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር ጻፉ።

ጭነትን በተመለከተ በፖስተር ጀመርኩ፤ ተሳታፊው ጥናቱን በትልቅ ወረቀት አትሞ በሰሌዳ ላይ የሚለጥፈው ማለት ነው። ኤ0 ወረቀት 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲጠቀለል እንኳ በብዙ አየር መንገዶች ከሚፈቀደው 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ የእጅ ሻንጣ ይረዝማል። በጨርቅ ላይ አሳትሞ ማጠፍ ይሻላል። የሰሌዳውን ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር መጻፍም የአዘጋጁ ግዴታ ነው፤ 1 ሜትር ስፋት ባለው ሰሌዳ ላይ አግድም የታተመ ኤ0 አይገባም።

ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል አይላክም፤ በእጅ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቢበዛ ሁለት። ጽሑፉ በሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ የጠፋበት ባትሪ ሊወረስ ይችላል። ሶኬቱን በፎቶ አሳየሁ፤ ቃል አይበቃም። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240 ቮልት» ከተጻፈ መሰኪያውን የሚያገናኝ አዳፕተር ብቻ ይበቃል። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ የፀጉር ማድረቂያ 230 ቮልት ላይ ከተሰካ ግን ይቃጠላል፤ አዳፕተር ቮልቴጅ አይቀንስም።

ለዐውደ ርዕይ መሣሪያ የሚያመጡ ድርጅቶች ኤቲኤ ካርኔት በሚባለው ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ሰነድ ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ቀረጥ አስገብተው ማስወጣት ይችላሉ፤ አገሩ ሥርዓቱን የተቀበለ ከሆነ። ካርኔቱ ለሚመለስ ዕቃ እንጂ ለሚታደል ብሮሹርና ስጦታ አይሠራም፤ ሁለቱን በአንድ ሣጥን የሚያሽግ ሣጥኑ ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል።

መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይያዝ፤ ማዘዣው ላይ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም ይኑር። ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንድ አገሮች ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋሉ። በካርድ ሲከፈል ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ» ካለ የሚመረጠው የአካባቢው ገንዘብ ነው፤ ሌላው ምርጫ በባሰ ምንዛሪ ይሰላል።

ሻንጣው ያልደረሰለት ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ሪፖርት ማስመዝገብ አለበት። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣ ቅሬታ በ7 ቀን፣ የዘገየ ደግሞ ከተረከቡት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። አንድ ቅያሪ ልብስና የገለጻው ፋይል በእጅ ሻንጣ ይሁን።

የሰነዱ የታችኛው ክፍል አጭር ነው። የጉባኤ አዳራሹ አድራሻ በአካባቢው ፊደል (ለታክሲ ሾፌሩ የሚታይ)፣ የሚገቡበት በር ስምና መገኛ ነጥብ፣ ሌሊትም የሚሠራ አንድ ስልክ። ትልልቅ አዳራሾች ብዙ በር ስላላቸው የሕንፃው ስም ብቻ አይበቃም። ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ቀላል ፒዲኤፍ ሆኖ፣ አናቱ ላይ የተስተካከለበት ቀን ተጽፎበት ተላከ። ሁለት ሰው የጠየቀው ጥያቄ በዚያው ቀን ወደ ሰነዱ ይገባል።

የመመለሻው ጉዳይ ጥቂት መስመር ወሰደ። የጉባኤው የመጨረሻ ስብሰባ የሚያበቃበትን ትክክለኛ ሰዓት ስጡ፤ ከዚያ ጉዞውንና ለዓለም አቀፍ በረራ የሚመከረውን 3 ሰዓት ደምረው በረራቸውን ይመርጣሉ። የሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይከፈት። የተሳትፎ የምስክር ወረቀትም በመዝጊያው ሳይሆን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይታደል፤ ወጪያቸውን ከመሥሪያ ቤት የሚያስመልሱት እሱንና የቦርዲንግ ፓሳቸውን ይጠየቃሉ።