አራት ደረጃ

እሑድ ከሰዓት ታናሽ እህቴን ይዤ ቲያትር ቤት ሄድኩ። በዊልቸር መሄድ ከጀመረች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳልጠጣች ያስተዋልኩት ታክሲ ውስጥ ነበር። ጠርሙሱን ስሰጣት «ሽንት ቤቱ ያስገባኝ አያስገባኝ በምን አውቃለሁ?» አለችና መለሰችልኝ።

በሩ ላይ አራት ደረጃ አለ። ገና ሳንደርስ ሦስት ጎረምሶችና ጥበቃው ሮጠው መጡ፤ «አይዞሽ እህታችን!» እያሉ ከነዊልቸሯ ብድግ አደረጓት። አንደኛው የያዘው የእግር ማሳረፊያውን ነው፤ እሱ ደግሞ ተነቃይ ነው። «እሱን አትያዘው፣ ይወልቃል!» ብትል ማን ሰምቷት። በአንድ እጇ ጎማውን፣ በሌላው ወደ ላይ የተሰበሰበ ቀሚሷን ይዛ አየኋት። ትኬት ለመቁረጥ የተሰለፈው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻቸው። እኔም አመሰገንኩ፣ ከልቤ።

ማታ ቤት ስንገባ «ቲያትሩን ወደድሽው?» አልኳት።

«እንዴት አድርገው እንደሚያወርዱኝ ሳስብ አለቀ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እኛ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመን ወንዝ የምናሻግር ሰዎች ነን፤ ደግነታችን እውነተኛ ነው። ግን ተሸካሚ እስካለ ድረስ ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ አለመኖሩ አይታየንም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና የሚመች መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። ኢትዮጵያ በ2002 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሊገቡባቸው ከሚገቡ ቦታዎች መካከል ቲያትርና ሙዚየምን በስም ይጠራል። መስማት ለተሳነው ተመልካች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መድረኩ ጥግ ቢቆምስ? ዐይነ ስውራን የኔታዎች ቅኔ ባስተማሩበት አገር ጥበብ የማን እንደሆነ መከራከር አልነበረብንም።

ትናንት እህቴ በስልኳ ስታሰላ ነበር። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አራቱ 60 ነው። ያለ ሰው እርዳታ በዊልቸር ለመውጣት ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ መወጣጫው 7 ሜትር ከ20 ይሆናል። ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው ቦታ ይበቃ እንደሆነ ረቡዕ ሄጄ በሜትር እለካለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ የምናስገባውን ደብዳቤ ጀምረነዋል። እኔ ደረጃውን አስቀድሜ ነበር፤ ሰርዛ ከላይ ሽንት ቤቱን ጻፈች።