ግማሽ ነጥብ፣ አንድ ነጥብ፣ ዜሮ

ነገሩ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አንድ ጓደኛዬ በመኪና እሽቅድድም ታሪክ እንደ 2021 አንገት ለአንገት የተናነቁበት ዓመት የለም ብሎ ድርቅ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ደግሞ 1984 ነው አልኩ። እሱ ዋንጫው የተወሰነበትን የመጨረሻ ዙር ያነሳል፣ እኔ ዋንጫውን የለየችውን ግማሽ ነጥብ። አልተሸናነፍንም። "ቆይ፣ ቆጥሬ አሳይሃለሁ" አልኩት። አንድ ከሰዓት የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜና እሁድ በላብኝ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ኤክሴል ከፈትኩ። ከ1950 እስከ 2024 ያለውን የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና በየመስመሩ አሰፈርኩ። ነጥቡን ከሌላ ቦታ ከመገልበጥ ከየውድድሩ ውጤት ራሴ ልደምረው ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ልዩነት ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው፣ አለቀ።

አላለቀም። ሠንጠረዡ የ1988 ሻምፒዮን አላን ፕሮስት ነው አለኝ። ፕሮስት 105፣ አይርተን ሴና 94። ዋንጫውን ያነሳው ግን ሴና ነው! መጀመሪያ የመደመር ስህተት መስሎኝ ሁለቴ ደገምኩት። ድምሩ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት ደንቡን ነው። በዚያን ጊዜ ከ16ቱ ውድድሮች የሚያዝላቸው ምርጥ 11 ውጤቶች ብቻ ነበሩ። ሴና 8 ጊዜ፣ ፕሮስት 7 ጊዜ አሸንፈዋል። ፕሮስት ባላሸነፈባቸው ቀናት ሁለተኛ እየወጣ ነጥብ ቢያከማችም፣ ከ11 በላይ የሆነው ተቆርጦ ወደቀ። ትክክለኛው ውጤት ሴና 90፣ ፕሮስት 87 ነው። 1964ም እንደዚሁ። ግራም ሂል በድምር 41 ነጥብ ነበረው፣ ጆን ሰርቲስ 40። ከተቆረጠ በኋላ ሂል 39 ላይ ቀረና ሰርቲስ በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። በእኔ ኤክሴል የሁለት ሰው ዋንጫ ልወስድ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በኋላ የዓመቱን ደንብ ሳላነብ አንድም ቁጥር አላስገባሁም።

ሲስተካከል 1984 አናት ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ በአንድ ነጥብ ያለቁ ስምንት ዓመቶች ተሰለፉ፦ 1958፣ 1961፣ 1964፣ 1976፣ 1981፣ 1994፣ 2007 እና 2008። ለጓደኛዬ ፎቶ አንስቼ ልልክለት ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። የ1984 አንድ ነጥብና የዛሬው አንድ ነጥብ እኩል ናቸው እንዴ? ያኔ ያሸነፈ 9 ነጥብ ነበር የሚያገኘው። ከ2010 ወዲህ 25 ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለአንድ ድል በሚሰጠው ነጥብ አካፈልኩት። የ1984ቱ 5.6 በመቶ ወጣ። 1994፣ 2007 እና 2008 10 በመቶ። 1976 11.1። ከዚያ የጠበቅኩት ሳይሆን 2012 መጣ። ሴባስትያን ፌትል 281፣ ፈርናንዶ አሎንሶ 278። ሦስት ነጥብ ብዙ ይመስላል፣ ለ25 ሲካፈል ግን 12 በመቶ ነው። ማይክ ሆውቶርን በአንድ ነጥብ ያሸነፈበት 1958 12.5 ስለሆነ ከ2012 በታች ሆነ።

የጓደኛዬ 2021ስ? ማክስ ቨርስታፐን 395.5፣ ሉዊስ ሃሚልተን 387.5። ስምንት ነጥብ፣ 32 በመቶ። ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ደስ ብሎኝ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ "ወደ መጨረሻው ውድድር የገቡት እኩል ሆነው ነው እኮ! ያንን የትኛው መስመርህ ላይ ነው ያስገባኸው?"

የትም አላስገባሁትም። 21 ውድድር ሮጠው ሁለቱም 369.5 ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት የታየው በ1974 ብቻ ነው። ያኔ ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ክሌይ ሬጋዞኒ እኩል 52 ይዘው ገብተው ፊቲፓልዲ 55 ለ52 አሸነፈ። በ2021 ከስምንቱ ነጥብ ጀርባ ያለው አንድ ዙር ነው። ሁሉም ከኋላው ቀስ ብለው እንዲሰለፉ የሚያደርገው ሴፍቲ ካር ወጣ፣ ቨርስታፐን አዲስ ጎማ ነበረው፣ ሃሚልተን ያረጀ፣ አበቃ። የመጨረሻው ልዩነት የሚነግረኝ እንዴት እንዳለቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምን እንደነበር አይነግረኝም።

ስለዚህ የራሴንም እጩ መመርመር ግድ ሆነብኝ። 1984 ኒኪ ላውዳ 72፣ ፕሮስት 71.5። ግማሿ ነጥብ የመጣችው ከሞናኮ ነው። ዝናቡ ስለከበደ ውድድሩ በ31ኛው ዙር ተቋረጠና ነጥቡ ለሁለት ተከፈለ። ፕሮስት በ9 ፈንታ 4.5 ወሰደ። ከኋላው ሴና በደካማዋ ቶልማን መኪና እየገሰገሰበት ነበር። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። ውድድሩ እስከ መጨረሻ ሄዶ ሴና ቢቀድመውና ፕሮስት ሁለተኛ ቢወጣ ኖሮ ሙሉ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር። 67 ሲደመር 6፣ 73። ሻምፒዮን! ያን ቀን ማሸነፉ ነው የጎዳው ማለት ይቻላል። ላውዳ ራሱ ያን ዕለት ከመስመር ወጥቶ ምንም ነጥብ አላገኘም።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው 1984 ትንሽ ቀዘቀዘብኝ። ሁለቱም የአንድ ቡድን፣ የማክላረን ሰዎች ናቸው። ከ16ቱ ውድድሮች 12ቱን እነሱ ወሰዱ። ሌላው ተመልካች ነበር።

ቀጥሎ እጄን የበላኝ 2008 ነው። የመጨረሻው ውድድር፣ ብራዚል፣ ኢንተርላጎስ። ፌሊፔ ማሳ አሸንፎ ገብቷል። ሃሚልተን ሻምፒዮን ለመሆን አምስተኛ ይበቃዋል፣ ያለው ግን ስድስተኛ ላይ ነው። ከፊቱ ያለው ቲሞ ግሎክ በደረቅ ጎማ ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፣ የመጨረሻው ዙር ማለቂያ ላይ ሃሚልተን አለፈው። 98 ለ97። ነጥብ አሰጣጡ ሌላ ቢሆንስ? ኤክሴሉን ስለማላምነው በእጄ ደመርኩ። እስከ 2002 በሚሠራው አሰጣጥ (10፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1) ማሳ 83፣ ሃሚልተን 80። ዋንጫው የማሳ ነው! በኋላ በመጣው የ25 አሰጣጥ ደግሞ ሃሚልተን 243፣ ማሳ 240። ሰዎቹ ያው፣ ዝናቡም ያው፣ ሻምፒዮኑ ግን እንደ ሂሳቡ ይለዋወጣል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው አንድ ጥሩ መልስ ሰጠኝ። ሃሚልተን አምስተኛ እንደሚበቃው ስለሚያውቅ ለአምስተኛ ነው የነዳው፣ ደንቡ ሌላ ቢሆን አነዳዱም ሌላ ይሆን ነበር። ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት አሁን ለጨዋታ ካልሆነ አላነሳውም።

ከፎርሙላ ዋን ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ልዩነት አገኘሁ። በ1967 በ500 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ጃኮሞ አጎስቲኒና ማይክ ሄይልዉድ እኩል 46 ነጥብ፣ እኩል 5 ድል። አጎስቲኒ ሁለተኛ የወጣባቸው ስለበለጡ ወሰደው። በአሜሪካው የመኪና ውድድር በናስካር በ2011 ቶኒ ስቱዋርትና ካርል ኤድዋርድስ እኩል 2403፣ ስቱዋርት 5 ለ1 በድል ብዛት በለጠ። በሌላው የአሜሪካ ውድድር በኢንዲካርም በ2006 እና በ2015 እኩል ወጥተዋል። ግን የናስካሩ ነጥብ ለመጨረሻዎቹ አሥር ውድድሮች እንደገና ከእኩል አካባቢ እንዲጀምር ተደርጎ ነው። የ2015ቱ ኢንዲካር የመጨረሻ ውድድር ደግሞ ነጥቡ እጥፍ ነበር። ደንቡ ያቀራረበውና በመንዳት የተቀራረበው ለእኔ አንድ አይደሉም። የ1967ቱን ግን ማንም ምንም ሊለው አይችልም።

በመጨረሻ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በዓመቱ ውስጥ ስንት ሰው ሠንጠረዡን መራ? እዚህ ላይ ነው 2010 ብድግ ያለው። አሎንሶ፣ ማሳ፣ ጄንሰን በተን፣ ማርክ ዌበርና ሃሚልተን ተፈራርቀው መሩ። ለመጨረሻው ውድድር አቡዳቢ ሲደርሱ አራት ሰው ዕድል ነበረው፦ አሎንሶ 246፣ ዌበር 238፣ ፌትል 231፣ ሃሚልተን 222። ፌትል ቢያሸንፍ እንኳ አሎንሶ አራተኛ ከወጣ ዋንጫው የሱ ነው። የአሎንሶ ቡድን የፌራሪ ሰዎች ግን ዓይናቸውን ዌበር ላይ ጣሉ። ዌበር ጎማ ሊቀይር ፒት ሲገባ አሎንሶንም ጠሩት፣ አሎንሶ ሲወጣ ከቪታሊ ፔትሮቭ ሬኖ መኪና ጀርባ ተወሸቀ። ዙር በዙር ይጠጋል፣ ማለፍ አይችልም። ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ፌትል ከፊት ብቻውን እየነዳ አሸነፈ፣ 256 ለ252። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን መሪ ሆኖ የማያውቅ ሰው መሪ የሆነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ውድድሩን እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁት። የሚሆነውን እያወቅኩ እንኳ ለአሎንሶ "እለፈው እንጂ!" እያልኩ ነበር።

አንድ ያልቻልኩት ዓመት አለ፣ 1958። በፖርቱጋሉ ውድድር ሆውቶርን መኪናው ቆሞበት ሲያስነሳ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዷል ተብሎ ሊሰረዝ ነበር። የተሟገተለት ዋና ተቀናቃኙ ስተርሊንግ ሞስ ነው። የሄደው ከመንገዱ ውጪ ነው ብሎ መሰከረ። የሆውቶርን 7 ነጥብ ተረፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ሆውቶርን በአንድ ድል 42፣ ሞስ በአራት ድል 41። ሞስ ከዚያ በኋላም ሻምፒዮን አልሆነም። ይህን በምን መስመር እንደማስገባው ስላላወቅኩ አጠገቡ ኮከብ ምልክት አድርጌ ተውኩት።

ለጓደኛዬ ምርጫዬ 2010 ነው ብዬ ደወልኩለት።

"በአራት ነጥብ?" አለ። "ግማሽ ነጥብ ስትል አልነበር እንዴ?"

ከዚያ ስለ 1986 አንስቶ አንድ ሰዓት ያዘኝ።