የቅጣት ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ የተሰጠኝ ምክር የወላጅ መምህር ኅብረቱን አጠናክር፣ ስብሰባ ጥራ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝ የሚል ነበር። ቤት ተከራየሁ፣ ኅብረቱን አስመረጥሁ፣ መዝገብ ከፈትሁ።

ስብሰባውን የጠራሁት በኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ጤፍ ደርሶ አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ ባጎነበሰበት ሰሞን! አራት ሰው መጣ፤ አንዱ የራሳችን ዘበኛ ነበር። ተናደድሁ። ቀበሌ ሄጄ ለቀሩት ወላጆች በሙሉ የ50 ብር ቅጣት ደብዳቤ እንዲደርሳቸው አደረግሁ። ርዕሰ መምህሩ «ይልመዱ» አለኝ። ይህ ቃል ዛሬም ያበሽቀኛል፤ ደብዳቤውን ያረቀቅሁት ግን እሱ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ገበሬ ወረቀቱን ይዘው ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። «መምህር፣ እናቴን ስቀብር የት ነበሩ?» አሉኝ። አንቱታቸው ከስድብ ይብስ ነበር። ቀብሩ የዋለው ስብሰባውን በጠራሁበት ማግስት ነው። ጥሩንባው ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ ለሱፐርቫይዘሩ የሚላክ ቅጽ እየሞላሁ ስለነበር አልወጣሁም። ልጃቸው ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ።

ቅጣቱ ተሰረዘ፤ እሱ ቀላሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየደጃፉ ሳልፍ «ይግቡ» የሚለኝ ጠፋ። ያወጣኝ ዘበኛው ነው። ለገበሬው እናት አርባ ይዞኝ ሄደ። የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ «አይናገሩ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥሁ፣ የቀረበልኝን በላሁ፣ ወጣሁ። በሳምንቱ ዕድር ተመዘገብሁ። በጥር ለውቂያ ደቦ ወጣሁ፤ መንሽ አያያዝ ስለማላውቅ እብቁን በሙሉ ራሴ ላይ በተንሁት። ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው ስሜን የጠየቁኝ።

አዲስ ለምትመደቡ፦ መመሪያው ባይለውም ከኅብረቱ በፊት ዕድር ግቡ። ስብሰባ በአጨዳ ወቅት፣ በሥራ ቀን አትጥሩ። በ12 ወይም በ21፣ ገበሬው በሬ በማይጠምድበት ቀን፣ ቅዳሴ ሲወጣ ጥሩ፤ ሙስሊም ወላጆች ካሉ የዓርብን ቀትር ተዉላቸው። ደብዳቤ በቀበሌ በኩል ፈጽሞ አትላኩ።

ሁለተኛውን ስብሰባ የካቲት 21 ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዋርካ ሥር ጠራሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ስም መዝግቦ ሳይጨርስ፣ ለአዲሱ ክፍል ማን ስንት እንጨት እንደሚያመጣ ተከፋፍለው ጨረሱ። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹ ላይ «ከቅጥር ግቢ ውጭ የተካሄደ በመሆኑ ይታረም» ብሎ ጻፈ። ፈረምሁለት። የሚያዝያውንም እዚያው ዋርካ ሥር ጠራሁት።