የሴካፋ ታዳጊዎችና ያቺ ኤምአርአይ

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን ከ17 ዓመት በታች የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ) ውድድር ታስታውሱታላችሁ? ወደ አልጄሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የሚያደርሱት ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ። እኔ ኢትዮጵያና ኡጋንዳ ብዬ ነበር። ወይ ፍንክች! ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ለፍጻሜ ደረሱ፣ ሶማሊያም በፍጹም ቅጣት ምት ዋንጫውን አነሳች። የሶማሊያ ቡድን በየትኛውም የዕድሜ እርከን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው፤ እውነቱን ለመናገር የኛ መቅረት ቢያንገበግበኝም ለነሱ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ደግሞ ኤምአርአይ አለላችሁ፣ የተጫዋቾችን ዕድሜ ለማጣራት የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳው ምርመራ። የእጅ አንጓን አጥንት ያነሱበታል። አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለችው የዕድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋች፣ ፓስፖርትህ 16 ቢልም በቃ፣ ቻው ነው። ደቡብ ሱዳን ያን ሁሉ ለፍታ ካለፈች በኋላ በዚሁ ምርመራ ከአልጄሪያው ውድድር ታገደች፣ ምድቧም በ3 ቡድን ብቻ ተጫወተ።

ምርመራው እንከን የለሽ አይደለም፣ አጥንቱ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ አለ። ቢሆንም ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ጎረምሳን ከ15 ዓመት ልጅ ጋር ከማጋጨት ይሻላል ባይ ነኝ። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው፦ ልጁ ሲባረር፣ ዕድሜውን የቀነሰለት ትልቅ ሰው ስሙ እንኳ አይነሳም።