ከክቡ ውጭ፦ ፍሬድሪክ ላይ ሴስና ማብረር

ወደ ሜሪላንድ የሄድኩት እህቴን ለመጠየቅ ነበር፤ የንግድ አብራሪነት ፈቃዴን ሻንጣዬ ውስጥ መክተቴ ግን ሌላም ሐሳብ እንደነበረኝ ያሳብቅብኛል። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ፈቃድ ላለው አብራሪ፣ እንደ ጀማሪ ሳይፈተን፣ በዚያው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ የግል አብራሪነት ፈቃድ ይሰጠዋል። ማመልከቻው ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ቢሮ ደርሶ፣ የሰጪው ሀገር ማረጋገጫ ሲገኝ ለ6 ወር የሚያገለግል ደብዳቤ ይጻፋል። ይህን ከመነሳቴ በፊት ጨርሻለሁ። ለቀጠሮው ስቀርብ ግን የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እንጀራ የምበላበት ሙያ እዚያ ለመዝናኛ ብቻ መሆኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቆርቁሮኛል።

ከዚያ በኋላ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 1 ሰዓት የምድር ትምህርትና 1 ሰዓት በረራ ግዴታ ነው። የተከራየሁበት ትምህርት ቤት ቆጣሪው 1.3 ሰዓት ያሳየውን በረራ 2 ሰዓት አድርጎ አስከፈለኝ። ስከራከር ቡናቸውን ይዘው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አዛውንት አብራሪ ጠጋ ብለው ደረሰኙን አስተካከሉልኝ፤ ከዚያም ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዋሽንግተንን የከበበውን መስመር በጣታቸው ዞሩት።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ በመጣው በዚህ 30 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ በእይታ (ውጭውን በዓይን እያዩ) ለመብረር የበረራ ዕቅድ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር የሬዲዮ ግንኙነትና ለብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ቁጥር ያስፈልጋል፤ በሌላው የአሜሪካ ሰማይ በእይታ የሚበር በተለምዶ የሚያስገባው 1200 እዚያ ክልክል ነው። የምበርባት የሜሪላንድ ከተማ ፍሬድሪክ ከክቡ ወጣ ብላ ስለምትገኝ፣ ወደ ሰሜን ለሚበር ሰው ዕቅድ አምጣ የሚል የለም። እኔ ግን ያለ ዕቅድ ተነስቼ ስለማላውቅ ከእገዳው ይልቅ ነጻነቱ አስጨነቀኝ፤ ማንም ባይጠይቀኝም ዕቅዴን አስገባሁ።

ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንሽ አውሮፕላን እያቃሰተች ትነሳለች። 100 ሜትር በማይሞላው ፍሬድሪክ ግን ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172 ከመሬት የተላቀቀችበት ፍጥነት ብቻዬን አሳቀኝ።

መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ ስለሚያስፈልግ፣ ለእህቴ ብዬ ሦስቱንም ዞርኩ። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ስወርድ «ጋሼ፣ በጣም ታምራለች፤ እኔ በመኪና እከተልሃለሁ» አለችኝ።