ዓይኔን ነጻ የሚያደርጉልኝ ማክሮዎች

ዛሬ አሬና (ትናንሽ ቡድኖች የሚፋለሙበት ሜዳ) አልገባሁም። ማክሮዎቼን፣ በአንድ ቁልፍ የሚሠሩ አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎቼን፣ ከፍቼ አንድ በአንድ ሳያቸው አመሸሁ። የምጫወተው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጌም ነው፤ ፕሪስት (ካህን) ይዤ፣ ሂለር (የቡድኑ አካሚ) ሆኜ። ተጫዋች ከተጫዋች በሚፋለምበት ቦታ ሂለር መሆን ደስ ይለኛል። ሌላው የሚመታውን ጠላት ካየ ይበቃዋል። ሂለር ግን የጓደኞቹን ደም (የቀራቸውን የሕይወት መጠን) ማየት አለበት፣ ጠላት ምን እያዘጋጀ እንደሆነ ማየት አለበት፣ የቆመበትንም ቦታ ማየት አለበት። ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ከተተከለ አንድ ሰው ይሞታል።

ማክሮ የምወደው ለዚህ ነው። ጣቴ የሚሠራውን ያሳጥርልኛል፣ ዓይኔ ወደ ፍልሚያው ይመለሳል።

ከሁሉም የምወደው ማውስኦቨር የሚባለው ነው። ያለ እሱ ጓደኛዬን ለማከም መጀመሪያ እሱን ክሊክ አድርጌ ታርጌት መያዝ አለብኝ፣ ከዚያ ድግምቱን። በዚህ መሃል ታርጌት አድርጌው የነበረው ጠላት ያመልጠኛል። በማውስኦቨር ግን ቀስቱን ጓደኛዬ ላይ አሳርፌ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ታርጌቴ ባለበት ይቆያል። ማክሮው ውስጥ ቅደም ተከተል አስገብቻለሁ፤ ቀስቱ ሥር በሕይወት ያለ ወዳጅ ካለ ለእሱ፣ ከሌለ ታርጌት ላደረግሁት ወዳጅ፣ እሱም ከሌለ ለራሴ። «በሕይወት ያለ» የሚለውን መርሳት አይገባም። አለበለዚያ ቀስቱ የሞተ ጓደኛ ላይ ሲያርፍ ድግምቱ እምቢ ይላል፣ ያቺ ቅጽበት ደግሞ አትመለስም።

መሬት ላይ ለሚጣሉ ድግምቶችም እንዲሁ ነው። ማስ ዲስፔልን (ከብዙ ሰው ላይ በአንዴ አስማት የሚያነሳውን ድግምት) ስጫን መጀመሪያ ክብ ምልክት ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ ክሊክ ይጠብቃል። ቀስቱ ባለበት ቦታ በቀጥታ እንዲጣል የሚያደርግ ማክሮ አለ። አንድ ክሊክ ቀረ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በአሬና ግን ትንሽ አይደለም።

ብዙ የማስብበት ስቶፕካስቲንግ ነው። አንድ ረጅም ድግምት እየጀመርኩ ሳለ የጓደኛዬ ደም ድንገት ካሽቆለቆለ ፔን ሰፕሬሽን ያስፈልገኛል። እሱ ለ8 ሰከንድ የሚደርስበትን ጉዳት በ40 በመቶ ይቀንስለታል። ግን የጀመርኩት ድግምት እስኪያልቅ ጌሙ አይቀበለኝም። የማክሮው መጀመሪያ መስመር ላይ ስቶፕካስቲንግ ካለ የጀመርኩት ወዲያው ይቋረጣል፣ ፔን ሰፕሬሽኑ ይወጣል። ይህን መስመር ለነፍስ አድን ድግምቶች ብቻ ነው የምሰጠው። ተራ ሂል ላይ የገባ እንደሆነ፣ በጭንቀት ቁልፉን የሚደጋግም ጣት የራሱን ድግምት እየቆረጠ ይቀጥላል።

ስቶፕካስቲንግ ብቻውንም አንድ ቁልፍ አለው። ይኼኛው ለማታለያ ነው። ሂል ስጀምር ጠላት ሊያቋርጠኝ ይጠብቃል። ከተሳካለት ያ የድግምት ዘርፍ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘጋብኛል፤ ለፕሪስት ደግሞ ሆሊ ተዘጋ ማለት አብዛኛው ሂል ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጀምሬ ራሴው አቆማለሁ። ሮጉ (ሸማቂው ጠላት) ቸኩሎ ኪኩን (ማቋረጫ ምቱን) ከጣለው ባዶ ያገኛል፣ እንደገና እስኪመጣለት 15 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ ፋታ ያለ ስጋት አክማለሁ። በአሬና ውስጥ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው። ቁልፉን ጫንኩ እንጂ መቼ እንደምጫን የነገረኝ ማክሮ የለም፤ የሮጉን እግር እያየሁ እኔው ነኝ የወሰንኩት።

ለሜጁም (ለአስማተኛው ጠላት) የተለየ ቁልፍ አለኝ። በፖሊሞርፍ በግ ሊያደርገኝ ሲል ሻዶው ወርድ ዴዝ እልክበታለሁ። ያ ድግምት ጠላትን ካልገደለ እኔኑ ይጎዳኛል፣ ጉዳት ደግሞ ፖሊሞርፍን ይሰብራል። ሰዓቱን ማግኘት ከባድ ነው። ታርጌት ፍለጋ ከተጨመረበት ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ጌሙ አሬና አንድ፣ ሁለትና ሦስት ብሎ የሚቆጥራቸው ጠላቶች የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው፤ የጠላቶቹ ቁጥር በአንድ ግጥሚያ ውስጥ አይቀያየርም።

ካስትሲኩዌንስ ግን ለሂለር አልወደውም። ድግምቶችን በተራ ይደረድራል። ፍልሚያ ተራ አይጠብቅም።

አንዳንዶች አንድ ቁልፍ ሁሉንም እንዲሠራ ይመኛሉ። ጌሙ አይፈቅድም። በአንድ ጊዜ ጫና፣ ግሎባል ኩልዳውን (በድግምቶች መካከል ያለውን አጭር የጋራ መጠበቂያ ጊዜ) የሚያስነሳ አንድ ድግምት ብቻ ነው የሚወጣው፤ የማክሮው ጽሑፍም ከ255 ፊደል አያልፍም። ድሮ ደሙ የወረደውን ሰው ራሱ ፈልጎ የሚያክም ስክሪፕት መሥራት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ያ ተከለከለ። በእውነት ደስ የሚል ውሳኔ ነው። ማንን ላድን የሚለውን ማሽን ከወሰነው የሂለር ጨዋታ የቱ ጋ ነው?

ዛሬ የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲስፔልን ከማውስኦቨር አንስቼ ለፓርቲ አንድና ለፓርቲ ሁለት የየራሳቸውን ቁልፍ ሰጠኋቸው። የጠላትን አስማት ከጓደኛዬ ላይ ለማንሳት ቀስቱን ይዤ መሮጥ አይጠበቅብኝም። የሚከብደው የትኛው ጓደኛ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ማስታወስ ነው። ነገ መጀመሪያ ሁለት ለሁለት እገባለሁ፤ እዚያ ፓርቲ አንድ ብቻ ስለሆነ ጣቴ ይለምደዋል። ከዚያ ሦስት ለሦስት።