ሐይቅ አጠገብ በበርሜል ዓሳ ማርባት፦ የ13 ወር ማስታወሻ

"ሐይቁ ሥር ተቀምጠህ በርሜል ውስጥ ዓሳ ታረባለህ?" ያላለኝ ጎረቤት የለም። እውነታቸውን ነው። ከቤቴ የሐዋሳው ዓሳ ገበያ አሞራ ገደል ድረስ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እዚያ ቆሮሶው ከጀልባ እንደወረደ ተገፎ በአዋዜ ይበላል። እኔ ግን የገባሁበት ለዓሳው ብዬ ሳይሆን ለጎመንና ለሰላጣው ብዬ ነው። ጓሮዬ ጠባብ ነው፣ አፈሩ ውሃ አይዝም፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። አኳፖኒክስ ላይ ያው ውሃ ነው የሚዞረው፦ የዓሳው ቆሻሻ አትክልቱን ይመግባል፣ አትክልቱ አጣርቶ ይመልሰዋል፣ እኔ የተነነውንና ቅጠሉ የጠጣውን ብቻ እሞላለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በጥቅምት 2016 ነው። አንድ የሺህ ሊትር ታንክ (የምግብ ዘይት የነበረበት፣ በደንብ የታጠበ)፣ ለሁለት የተሰነጠቁ ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች፣ አንድ ፓምፕ። ስድስቱን ግማሽ በርሜል በጠጠር ሞልቼ ከታንኩ በላይ ደረደርኳቸው። ጠጠሩን ያገኘሁት በነፃ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ቤት ሲሠራ የተረፈ ነጭ የእብነ በረድ ስብርባሪ። ስታየው ታጥቦ ያበራል። ይቺን ጠጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ 15 ጫጩት ቆሮሶ ብቻ አስገባሁና በየቀኑ ውሃውን በመመርመሪያ ጠብታ መለካት ያዝኩ። ዓሳው የሚያወጣውን አሞኒያ አንደኛው ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ ለተክል የሚሆነው በዋናነት የመጨረሻው ነው። ባክቴሪያው ጠጠሩ ላይ እስኪሰፍር መጠበቅ ግድ ነው። የእኔ ናይትራይት ዜሮ እስኪገባ 38 ቀን ፈጀ። በታኅሣሥ 45 ጨመርኩ። ለአንድ ሺህ ሊትርና ለስድስት ግማሽ በርሜል 60 ዓሳ ብዙ ነው፤ አሁን ብጀምር ከ30 አላልፍም።

ብዙ መሆኑን ያስተማረኝ አንድ የጥር ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቃሁ። የነቃሁት ድምፅ ሰምቼ ሳይሆን ድምፅ ጠፍቶብኝ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንፎለፎል የምሰማው ውሃ ዝም ብሏል። መብራት ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላውቅም። በስልኬ ባትሪ ሳበራ ዓሳዎቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ደቅነው ይከፍቱና ይዘጋሉ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት፤ እሷ በጆግ እኔ በባልዲ ውሃውን ከታንኩ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን መድፋት ጀመርን። ውሃ ከላይ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፤ ሌላ መላ አልነበረንም። እስኪነጋ 22 ሞቱ። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ገዛሁ። ሰዎች ይህን ሁለተኛ ወር ላይ ይገዙታል፤ እናንተ ከታንኩ ጋር ግዙት።

አሁን ወደ ጠጠሯ። ሰላጣው ከጅምሩ ደህና ነበር፤ በየካቲት ግን አዲሶቹ የጎመን ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መጡ። የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ፣ መሃላቸው ቢጫ፣ የድሮዎቹ ቅጠሎች ደህና። ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ከእርሻ ግብዓት ሱቅ የብረት ማዳበሪያ ገዝቼ ጨመርኩ፤ ምንም። ደግሜ ጨመርኩ፤ ምንም። ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፤ አሲድ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል) ስለካው ሁሌ 8.2 ነው። እዚህ ጋ ነው መንቃት የነበረብኝ። ባክቴሪያው አሞኒያውን ሲቀይር አሲድ ይፈጥራል፤ ስለዚህ የሚሠራ ሥርዓት ፒኤቹ በጊዜ ብዛት መውረድ አለበት እንጂ አንድ ቦታ ተቸንክሮ አይቀርም።

አንድ ቀን አንዷን ጠጠር ሲኒ ውስጥ አስቀምጬ አቼቶ አፈሰስኩባት። እንደ አምቦ ውሃ ተንሸከሸከች። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፤ ባክቴሪያው አሲድ በፈጠረ ቁጥር ጠጠሩ እየሟሟ ፒኤቹን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ፒኤች ሲጨምር ደግሞ ተክሉ ብረቱን መውሰድ ያቅተዋል፣ አሞኒያውም ለዓሳው የበለጠ መርዝ ይሆናል። በነፃ ያገኘሁት ጠጠር አምስት ወር በላብኝ። (ሲኒው የረከቦቱ ነበርና በቤት ውስጥ ሌላ ክስ ተከፈተብኝ።)

የቀየርኩት በሬድ አሽ ነው፤ መንገድ ላይና ወለል ሥር የሚደፋው ቀዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ድንጋይ። አቼቶ ቢፈስበት ንቅንቅ አይልም፣ ቀዳዳዎቹ ለባክቴሪያው ቤት ናቸው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ብናኙ እስኪጠራ ማጠብ ግን ወገብ ይቆርጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትቀይሩ፦ ባክቴሪያው ያለው አሮጌው ጠጠር ላይ ነው። እኔ በአሥር ቀን አንድ በርሜል እያልኩ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እስከዚያው ግን ተክሉ መራብ አልነበረበትም። የመጀመሪያው ማዳበሪያዬ ኢዲቲኤ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ፒኤች ከ6.5 ካለፈ ብረቱን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ኢዲዲኤችኤ የሚባለውን ፈልጌ 40 ግራም በጠበጥኩ። ውሃው እንደ ከርከዴ ቀላ፤ ልጄ ዓሳዎቹ የደሙ መሰላት። በአሥረኛው ቀን አዲስ የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ነበር።

በግንቦት ታንኩ ጥግ ላይ መርፌ የሚያህሉ ነገሮች ሲርመሰመሱ አየሁ። ጫጩቶች! ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ደስታው የአላዋቂ ነበር። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቷን አፏ ውስጥ አድርጋ ነው የምታሳድገው፤ ወንድና ሴት አብረው ከዋሉ ታንኩ በድንክ ዓሳ ይሞላል፣ የሚያድግ አይኖርም። ስለዚህ አንድ በአንድ እያወጣሁ ሆዳቸውን ገልብጬ አየሁ። ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ጉብታ ላይ ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት ነካ ስታደርጉ ቀዳዳዎቹ ይለያሉ፦ ወንዱ አንድ፣ ሴቷ ሁለት። 17ቱ ሴቶች ተጠበሱ፣ 21 ወንዶች ቀሩ።

ክሬይፊሽስ (ባለ መቆንጠጫው የሸርጣን ዘመድ) ለምትሉኝ፦ የመጀመሪያ ሕልሜ እሱ ነበር። የአውስትራሊያ ሰዎች ከታንካቸው ሥር ሲያረቡት አይቼ፣ የተረፈ መኖ ይለቅምልኛል ብዬ። ነገር ግን በአህጉራችን ዋና ምድር ላይ የተፈጥሮ ክሬይፊሽ የለም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የአሜሪካው ቀዩ ክሬይፊሽ በ1970 እ.ኤ.አ. ተለቅቆ የውሃ ውስጥ እፅዋቱን አወደመው። ክረምት ሲመጣ የእኔ ሰፈር ጎርፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተውኩት። ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት ደግሞ፣ "ልጄ፣ ይሄማ ጊንጥ ነው" ብላ ነገሩን ዘጋችው።

በምትኩ ሦስት ትንንሽ አምባዛ አስገባሁ። የቀሩትን ጫጩቶች ለቀሙ፣ የወደቀ መኖ ይበላሉ፣ ከውሃው ላይም አየር ስለሚስቡ መብራት ቢጠፋ ግድ የላቸውም። እናቴ "ክንፍና ቅርፊት" ስለምትቆጥር አምባዛ አትቀምስም፤ ስለዚህ ከመጥበሻ ነፃ የሆኑ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። በሐምሌ አንድ ዝናብ ያደረበት ጠዋት አንዱን በረንዳው ሥር እየተሳበ አገኘሁት፤ በሕይወት ነበር። አጥሩ ላይ ደግሞ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ ቆሞ ያየዋል። በዚያው ቀን ታንኩ ላይ መረብ ወጠርኩ።

ስለ መኖ አጭር ነኝ፦ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ከትንሽ የዓሳ ዱቄት ጋር። ብርድ ባለበት ወር ውሃው 18 ዲግሪ ሲደርስ መብላት ያቆማሉ ማለት ይቻላል፤ ያኔ መኖ መስጠት ውሃ ማበላሸት ነው።

ክረምቱን የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ እየሰበሰብኩ እሱን ብቻ ሞላሁ። እብነ በረዱ ወጥቷል፣ የዝናብ ውሃ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ በመስከረም ፒኤቹ 6.3 ገባ። አሁን ደግሞ ወረደ! ከዚህ ካነሰ ባክቴሪያው ይሰንፋል። ጓሮ ጥግ ከጣልኩት እብነ በረድ ሁለት እፍኝ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨምሬ በገመድ ታንኩ ውስጥ አንጠለጠልኩ። በሳምንቱ 6.8። ሰባት ሲደርስ አወጣዋለሁ፣ ሲወርድ እመልሰዋለሁ። ወንዶቹ ቆሮሶዎች በአማካይ 220 ግራም ደርሰዋል፣ ከስድስቱ በርሜል አራቱ ጎመን ናቸው፤ ጎረቤቶቼም ስለ ሐይቁ መጠየቅ ትተው ስለ ካልሲው ይጠይቁኛል።